ቀዩ ቀድሞ ይወርዳል

ምዕራፍ 6፦ ውሃ ውስጥ ስለ ማየት

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች ብርሃንን በአየር ውስጥ ተከትለነዋል። በምዕራፍ 4 ሰማይ ለምን ሰማያዊ መስሎ እንደሚታይ፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ መነጽር የደከመ ዓይንን እንዴት እንደሚያግዝ ተመልክተናል። በሁለቱም ምዕራፎች አየሩ ራሱ ብዙም አላስቸገረንም። ሰማዩ በጠራ ቀን በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቂሊንጦ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የዝቋላን ተራራ አሻግሮ ያያል፤ ከተራራው የተነሣው ብርሃን በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ያው ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። እጅግ ጥርት ባለው ባሕር እንኳ በአሥር የሚቆጠሩ ሜትሮችን ሄዶ ይደክማል፤ በድፍርስ ሐይቅ ደግሞ አንድ ሜትር ሳይሞላ ያልቃል። ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃ ብርሃንን ምን ያደርገዋል?

ከአቃቂ እስከ ታጁራ

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተመቸው ቤተ ሙከራ ለአንድ ቀን የተከራዩት ጀልባ ነው። ጀልባው ከነነጂው ይያዛል፤ ጓደኛሞች ወይም ቤተሰብ ተሰባስበው ኪራዩን ይካፈላሉ፤ ምሳና ውሃ ይጫናል። ኮራል ያለበት ቦታ ሲደረስ መልሕቅ ይጣልና ሁሉም የመዋኛ መነጽሩን አጥልቆ፣ በአፉ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሶ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ስኖርክል የሚባለው ይኸው ነው። ቱቦው ከክንድ የማይረዝምበትን ምክንያት በምዕራፍ 3፣ ስለ ግፊት ስናወራ አንሥተነዋል።

ለቂሊንጦ ሰው ቅርቡ ባሕር የጅቡቲው ነው። ከፉሪ ለቡ የሚነሣው ባቡር ደብረ ዘይትን፣ አዳማንና ድሬዳዋን አልፎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል። ተጓዡ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ዜሮ ላይ ይወርዳል። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሡ ጀልባዎች በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደሚገኙት ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ይወስዳሉ፤ በዙሪያቸው ኮራል አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወቅት ደግሞ ወደ አርታ የባሕር ዳርቻ የሚያቀኑ ብዙ ናቸው። ከዓሣ ሁሉ ግዙፉ የሆነው ዌል ሻርክ፣ በአብዛኛው ገና ለጋው፣ ለመመገብ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

በቂሊንጦ በኩል የሚያልፈውም ውሃ ወደዚያው አቅጣጫ ይጓዛል። አቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ ይወጣና ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የተሸከመውን ደለልም እዚያው በረሓው ውስጥ ያራግፋል። የታጁራ ውሃ ጥርት ብሎ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱም ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ የማይገባበት መሆኑ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

የብርሃን አውቶቡስ

የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይምሰል እንጂ ውስጡ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አለ። ይህን በምዕራፍ 4 በቀስተ ደመና አይተነዋል። አሁን ከፒያሳ ተነሥቶ ቂሊንጦ የሚደርስ አንድ አውቶቡስ አስቡ። ተሳፋሪዎቹ ቀለማቱ ናቸው። ፒያሳ የውሃው ገጽ ነው፤ ቂሊንጦ ደግሞ ጥልቁ። አውቶቡሱ ሙሉ ሆኖ ይነሣል። ቀዩ ግን ሩቅ አይሄድም፤ መስቀል አደባባይ ላይ ይወርዳል። ብርቱካናማው ጎተራ፣ ቢጫው ሳሪስ፣ አረንጓዴው ቃሊቲ ይወርዳሉ። ቂሊንጦ ድረስ የሚዘልቀው ሰማያዊው ብቻ ነው።

በጠራ ባሕር ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። የቀዩ ብርሃን ብዙው በመጀመሪያዎቹ አምስት ሜትሮች ይጠፋል፤ አሥር ሜትር ላይ ከእርሱ የሚተርፈው እጅግ ትንሽ ነው። ሰማያዊው ግን ውሃው ንጹሕ ከሆነ ብዙ አሥር ሜትሮችን ይሻገራል። በጥልቀት የሚጠልቁ ሰዎች እጃቸው ቢቆረጥ ደማቸው ቀይ ሳይሆን ጥቁር አረንጓዴ መስሎ የሚታያቸው ለዚህ ነው። ደሙ አልተለወጠም፤ ቀይ አድርጎ የሚያሳየው ብርሃን ሳይደርስ ቀርቶ ነው።

ውሃ ቀዩን የሚውጠው ለምንድን ነው? የውሃ ሞለኪውል አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጅን የተያያዙበት ነው። ትስስሩ ደረቅ አይደለም፤ ሳያቋርጥ ይርገበገባል። ቀይ ብርሃን ከዚህ እርግብግቢት ጋር በመጠኑ ይገጥማል፤ ስለዚህ ሞለኪውሉ ይቀበለውና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሰማያዊው ግን አይገጥምም፤ ስለዚህ ያልፋል። ተመራማሪዎች ይህን የብርሃን ውጠት ይሉታል። ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ ቀለም የሌለው የሚመስለው አውቶቡሱ ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ጉዞው ስለሚያልቅ ነው። ማንም ለመውረድ ጊዜ አላገኘም።

አንድ ነገር እንጨምር። እኛ የምናየው ወደ ታች የሄደውን ብርሃን አይደለም፤ ሄዶ የተመለሰውን ነው። ፀሐይ ሦስት ሜትር ታች ያለ ኮራል ላይ ትደርሳለች፤ ከኮራሉ የተንጸባረቀው ብርሃን ደግሞ ሦስት ሜትር ወደ ላይ ተጉዞ ዓይናችን ጋ ይመጣል። መንገዱ ደርሶ መልስ ነው፤ ስድስት ሜትር ሆነ ማለት ነው። ተሳፋሪዎቹ ሲመለሱም በየፌርማታው ይወርዳሉ። ስኖርክል የሚያደርግ ሰው አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ የደመቀ ቀይና ብርቱካናማ ያየበት ኮራል አምስት ሜትር ላይ ሲሆን ግራጫ ሰማያዊ የሚመስለው በዚህ ሂሳብ ነው። ባትሪ ይዞ ወርዶ በቅርበት ቢያበራበት ግን ቀዩ ተመልሶ ይታያል፤ ምክንያቱም ያ ብርሃን የተሳፈረው ከአጠገቡ ነው።

መነጽሩ የሚያመጣው አየር

የቀለሙን ጉዳይ ለማየት ግን አስቀድሞ ማየት መቻል አለብን። ዓይኑን ገልጦ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገሩ ሁሉ ይደበዝዛል። ይህ የውሃው ጉድለት ሳይሆን የዓይናችን አሠራር ነው።

ብርሃን አየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ 225,000 ዝቅ ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ፍጥነቱ ሲለወጥ አቅጣጫውም ይታጠፋል፤ ይህ የብርሃን ስብረት ይባላል። ዓይናችን ምስልን አጥርቶ የሚሠራው ብርሃኑን አጥፎ ከኋላ አንድ ቦታ ላይ በመሰብሰብ ነው። ከዚህ ሥራ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን የሚሠራው ኮርኒያ ነው፤ ኮርኒያ ማለት የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ኮርኒያ ግን ውስጡ ከውሃ ብዙም የማይለይ ስለሆነ ብርሃኑን አጥብቆ የሚያጥፈው ፊቱ ላይ አየር ሲኖር ብቻ ነው። ከፊቱ ውሃ ሲሆን ብርሃኑ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ይገባል ማለት ይቻላል፤ መታጠፉም ይቀራል። ምስሉም ይበታተናል።

የመዋኛ መነጽር የሚያደርገው ነገር ቢኖር ዓይን ፊት ጥቂት አየር ማኖር ነው። ምዕራፍ 5 ላይ ካየነው መነጽር በተለየ ሌንሱ ራሱ ብርሃን አያጥፍም፤ ጠፍጣፋ መስታወት ነው። ነገር ግን ብርሃኑ ከውሃው ወጥቶ በአየሩ በኩል ዓይን ውስጥ ሲገባ አንድ ትርፍ መታጠፍ አለና ርቀቱ ይዛባል። አራት ሜትር ላይ ያለው ዓሣ ሦስት ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፤ መጠኑም በሲሶ ያህል ይገዝፋል። ከጀልባው ወጥቶ ስለ ዓሣው ትልቅነት የሚያወራ ሰው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል።

ያለ መነጽር አጥርተው የሚያዩ ሰዎችም አሉ። በታይላንድ ደሴቶች የሚኖሩ የሞኬን ማኅበረሰብ ልጆች ውሃ ውስጥ ከአውሮፓውያን ልጆች በእጥፍ የተሻለ እንደሚያዩ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ውሃ ውስጥ ሲጠልቁ የዓይን ብሌናቸውን እጅግ ያጠባሉ፤ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን እምብዛም አይበታተንም።

ነጩ ሰሃን

እስካሁን ያወራነው ስለ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ ደለል ወይም ጥቃቅን ሕያዋን ሲኖሩ አውቶቡሱ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። በየመንገዱ የሚወርዱት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ገና መድረሻቸው ሳይደርሱ ፊታቸውን አዙረው ወደ ፒያሳ የሚመለሱም ይበዛሉ። እነዚህ ከመንገድ የተመለሱት ቂሊንጦን አላዩም፤ ስለ ቂሊንጦ የሚነግሩን ነገር የለም። ዓይናችን ሲደርሱ ግን ቦታ ይይዛሉ፤ ከዓሣው የመጣውን ጥቂት ብርሃን ይሸፍኑታል። ድፍርስ ውሃ ውስጥ የምናየው ነጣ ያለ ጭጋግ ይኸው ነው። ተመራማሪዎች የብርሃን ብተና ይሉታል። ውጠት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ብተና ደግሞ ከዚያ በላይ ምስሉን ያበላሻል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ለመለካት የተገኘው መሣሪያ ተራ ሰሃን ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. አንጀሎ ሴኪ የተባለ ኢጣሊያዊ ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ በሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት መርከብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወጥቶ ነጭ ክብ ሰሌዳዎችን በገመድ እያሰረ ወደ ውሃ አወረደ። ሰሌዳው ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት መዘገበ። ዛሬም በመላው ዓለም የሐይቅ ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ ይለካሉ። ሐይቅ ላይ የሚጠቀሙበት ዲያሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሰሌዳ ሲሆን፣ የሴኪ ሰሌዳ ይባላል። ሰሌዳው የሚለካው የደርሶ መልሱን ጉዞ ነው፤ ነጩ ከጠፋ ብርሃኑ ሄዶ ለመመለስ አልበቃም ማለት ነው።

የሐይቆቻችን መዝገብ

አሁን ሰሌዳውን ይዘን ወደ አገራችን ውሃዎች እንመለስ። በኢትዮጵያ ጀልባ የሚከራይባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ስኖርክል የሚመቹት ግን ጥቂት ናቸው። ለምን እንደሆነ አሁን ማብራራት እንችላለን።

ጣናን እንውሰድ። ከባሕር ዳር ጀልባ ተከራይቶ ወደ ዘጌ ገዳማት ወይም ወደ ክብራን ገብርኤል መሄድ የታወቀ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ስፍራ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምት ክረምት የእርሻውን አፈር ጠርገው ያስገባሉ። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነም ነፋስ የወለሉን ደለል መልሶ ያስነሣዋል። ስለዚህ የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ከፒያሳ ብዙም ሳይርቁ ይመለሳሉ።

የላንጋኖ ሐይቅ ውሃ ደግሞ የቡና ቀለም አለው። በውስጡ የተንሳፈፈው እጅግ የላመ ደለል በቀላሉ አይዘቅጥም። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ኮረብታ አባያና ጫሞ ሐይቆችን ወደሚለየው የእግዜር ድልድይ የሚመለከት ሰው ደግሞ በአንድ ፀሐይ ሥር ሁለት ቀለም ያያል። አባያ ብረት ባለበት ደለል ምክንያት ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ ልዩነቱን ያመጣው ውሃው የተሸከመው ነገር ነው።

አንዳንድ ጊዜ ብርሃኑን የሚያስቀረው አፈር ሳይሆን ሕይወት ነው። ደብረ ዘይት አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባለው ጥቃቅን ዋቅላሚ ነው። በወሎ ካለው፣ ስሙም «ሐይቅ» ከሆነው ሐይቅ ታሪክ ደግሞ ብዙ እንማራለን። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የሴኪ ሰሌዳ እዚያ 9 ሜትር ገደማ ድረስ ይታይ ነበር፤ በኢትዮጵያ ደጋ ከነበሩት ጥርት ያሉ ሐይቆች አንዱ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቆሮሶ ዓሣ እንዲራባ ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ልኬቶች ውሃው አረንጓዴ ሆኖ የሰሌዳው ጥልቀት እጅግ ቀንሷል። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ዓሣው ዋቅላሚን የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት ስለጨረሳቸው ዋቅላሚው ከልክ በላይ በዛ። አንድ ዓሣ መጨመር የአንድን ሐይቅ ብርሃን ሊቀይር ይችላል ማለት ነው።

ለቂሊንጦ ቅርብ የሆነው አባ ሳሙኤል ደግሞ የዚህ ሁሉ የመጨረሻው ጫፍ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ይህ ግድብ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ለረጅም ዓመታት ቆሞ በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና ሥራ ጀምሯል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውንና የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ይዘው የሚገቡት እዚህ ነው። የተትረፈረፈው ምግብ እንቦጭን አፋፍቶታል። በእንቦጭ በተሸፈነ ቦታ ብርሃኑ ከመናኸሪያው ሳይነሣ ቀረ፤ የሴኪ ሰሌዳ ማውረዱም ትርጉም የለውም።

ጀልባ የተከራየ ሰው በዚህ ሐሳብ ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ፣ ሰዓቱን ይመርጣል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የውሃው ገጽ የሚመልሰው ብርሃን 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይ ከአድማሱ ብዙም ሳትርቅ ግን ሲሶ ያህሉን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ስለዚህ የቀኑን ምርጥ ክፍል፣ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ያለውን፣ ውሃ ውስጥ ማሳለፍና ምሳውን ወደ ኋላ ማድረግ ይሻላል። ይኸው ብርሃን የሚንሳፈፍን ሰው ጀርባም ያቃጥላል፤ እጅጌ ያለው ልብስ ለብሶ መግባት ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃውን ከጀልባው ላይ ሆኖ ያነባል። ደብዛዛ ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው። ደማቅና ነጣ ያለ ሰማያዊ አሸዋ ያለበት ጥልቀት የሌለው ስፍራ ነው። እዚያው ላይ ጥቁር ነጥብጣብ ካለ ኮራል ወይም የባሕር ሣር ይሆናል። ነጂውን «እስከ ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ኮራል ወዳለበት ውሰደን» ማለት አብዛኞቹን ቀለሞች ማግኘት ነው።

ሦስተኛ፣ ምን ለማየት እንደሚሄድ ይወስናል። ዌል ሻርክ ወደ አርታ የሚመጣው ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን፣ ስለሚበዛ ነው። ያ ፕላንክተን ደግሞ ብርሃንን ይበትናል። ግዙፉን ዓሣ የሚያመጣው ወቅት ውሃውን በጣም የሚያጠራው ወቅት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቀን መፈለግ ብዙ ጊዜ ያሳዝናል።

አራተኛ፣ ኮራሉ ላይ አይቆምም፤ ውሃውንም አያደፈርስም። ኮራል እንስሳ ቢሆንም በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ዋቅላሚዎች በብርሃን የሠሩትን ምግብ እየተጋራ ይኖራል። በሌላ አባባል እንዲህ ያለው ኮራል የሚኖረው ብርሃን በሚደርስበት ብቻ ነው። ውሃው ከደፈረሰ ጎብኚው ማየት ተቸገረ፤ ኮራሉ ግን ይራባል።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ጤናማ ውሃ አይደለም። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ጥገኛ ተውሳክ በዓይን አይታይም፤ የሚሸከሙት ቀንድ አውጣዎችም ውሃው ጥርት ባለበት ዳርቻ ሊኖሩ ይችላሉ። የሴኪ ሰሌዳ ስለ ብርሃን ይነግረናል እንጂ ስለ በሽታ አይነግረንም። ሐይቅ ውስጥ ከመግባት በፊት የአካባቢውን የጤና ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰሌዳውን ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም፣ የሚያሰምጥ ክብደትና በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ ይበቃል። ደብረ ዘይት ወይም ባሕር ዳር ጀልባ የምትከራዩ ሁሉ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሰሌዳው የጠፋበትን ጥልቀት ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር መዝግቡ። በሐይቆቹ ዙሪያ ያላችሁ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን በየወሩ አስለኩ። የሐይቃችን ብርሃን መቀነሱን ለማወቅ አስቀድሞ የነበረው ልክ መጻፍ አለበት።